የሴይቼንቶዋ መርፌዎች

አራዳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ
ጥር 12 ቀን 2017

ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለቡሽራ፣ ጅቡቲ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ የዚያን አገር ሙቀት ያቅልልህ፤ እጅህን ከእሳት፣ ዓይንህን ከብልጭታ ይጠብቅልህ። ደብዳቤ የሚጀመረው «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው ብለው ነበር ማታ ትምህርት ቤት ያስተማሩን። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩት ውሸት ለመጻፍ አይደለም። ደህና አይደለሁም።

ወደ ጅቡቲ ስትሄድ እኛ ቤት አድረህ ነበር። የጋሽ የሲን ሚስት ነኝ፣ ዐፊፋ። እሱ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካለፈ ወዲህ ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ታክሲ ይሠራባት የነበረችው ሴይቼንቶ ነን። ያቺን ትንሽ ፊያት የረሳሃት አይመስለኝም፤ ጎንበስ ብለህ ገብተህ «አክስቴ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ጫማ?» ብለህ ጋሽ የሲንን አስቀይመኸዋል።

የምጽፍልህ ስለ እሷ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ እንደሆንክ ሰምቻለሁ። በስልክ የማልጠይቅህ ስልኬን የእንጀራ ልጄ ካሊድ ስለያዘው ነው። «ይጠፋብዎታል፣ እኔ ልያዝልዎ» ብሎ። ቤቱንም እንዲሁ ነው የያዘልኝ፤ ያኔ ማንበብ ስለማልችል አውራ ጣቴን ወረቀት ላይ አሳረፈው። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይኸው ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ከዚህ በወሎ አድርጋ ጅቡቲ እየተመላለሰች ጨርቅ የምትነግደዋ ረይሀና ናት።

ሰፈራችን ሊነሳ ነው። የጎረቤቶቼ ቤት ፈርሶ አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ድልድዩን አያለሁ። ከአረፋ በኋላ እኛም እንለቃለን። ካሊድ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አለው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ወስዶ አሳይቶኛል። ስወጣ በሁለት ሰው ተደግፌ ነው፤ ስወርድ ደግሞ ተሸክመውኝ። ጉልበቴ እንዲህ ሆኗል። በረንዳው ላይ ወንበር አስቀምጦ «እዚህ ሆነው መንገደኛ ያያሉ» አለኝ። ወንበሩን ሳየው ከዚያ የምወርደው ጀናዛዬ ሲወጣ እንደሆነ ገባኝ። «እዚህ አልኖርም» ስለው «ይለመዳል» አለኝ።

ሌላ በር አንድ ብቻ አለኝ። አብራኝ ፊደል የቆጠረች አዳነች የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ ስድስት ኪሎ ግቢ አላት፣ መሬት ላይ ያለ ትርፍ ክፍልም አላት። «ከነመኪናሽ ነይ» ብላኛለች። «ተማሪ ሲመረቅ ከፍሎ ፎቶ ይነሳባታል፣ ሙሽራ ተከራይቶ ይሄድባታል ብዬ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ባዶሽን ከመጣሽ ግን በሳምንቱ ‹እቺ ሴትዮ እስከ መቼ ናት?› ይላሉ። የወለድኳቸው ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ።»

መኪናዋ ደግሞ ያለ ቦሎ መንገድ አትወጣም። አስገዶም የሚባል፣ በደህናው ዘመን ታክሲ ይነዳ የነበረ ጎረቤቴ ለዓመት ምርመራው ወሰዳት። ፍሬኑ አለፈ፣ ጎማው አለፈ። መብራት አብራ ሲባል ግን ታች የነበረው የነዳጅ ጌጅ መርፌ ዘሎ ሙሉ ላይ ወጣ፤ የሙቀቱም ቀዩ ውስጥ ገባ። መብራቱ ሲጠፋ ሁለቱም ተመለሱ። አስገዶም «መብራት ባበራሁ ቁጥር ነዳጅ የምትሞላልኝ መኪና ካገኘሁማ ሥራ የተውኩት በስሕተት ነው» አለ። መርማሪው አልሳቀም። «ዳሽቦርዱን አሠርታችሁ ተመለሱ» አለን።

ማን ይሥራው? ድልድዩ ሥር የነበሩት ጋራዦች ከሰፈሩ ጋር ሄደዋል። አንድ የቀረ መካኒክ ነበር፤ እሱንም ካሊድ «አትንካት፣ ለብረታ ብረት ገዥ ተነጋግሬባታለሁ» አለው። ስለዚህ ሁለቱን ጌጆች እዚያ ፈልገህ ላክልኝ። እሷ ካልሄደች እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ።

ለአረፋስ ትመጣለህ ወይ?

አክስትህ ዐፊፋ


ጅቡቲ
ጥር 29 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዐፊፋ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ደጅዎን አይዝጋብኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ጌጆቹን አልልክልዎም፤ አይቀየሙኝ። ጌጆቹ አልተበላሹም። አንዱ ብቻ ቢያብድ ኖሮ እሱን እጠረጥር ነበር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲያብዱ ግን ብልሽቱ ሁለት አይደለም፤ ሁለቱ የሚጋሩት አንድ ነገር ነው የተበላሸው። እኔ እዚህ በምሠራበት ከባድ መኪናም ሆነ በርስዎ ሴይቼንቶ ሕጉ ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው በሽቦ ይወጣል፣ ጌጁን ወይም አምፖሉን ያሠራል፣ ከዚያ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ለመመለሻ የተለየ ሽቦ የለውም፤ የሚመለሰው በራሷ በመኪናዋ ብረት ነው። መመለሻው የሆነ ቦታ ላይ ከተዘጋበት ዝም ብሎ አይቆምም፤ በጎረቤት ቤት በኩል ይሾልካል። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ሲበሩ ኤሌክትሪካቸው መውጫ አጥቶ በጌጆቹ ውስጥ የሚያልፍ ይመስለኛል።

ግን ከመገመት መሞከር ይሻላል። መጀመሪያ ከባትሪው ወደ መኪናዋ ብረት የሚሄደው ወፍራም ገመድ ላልቶ እንደሆነ በእጅዎ ይነቅንቁት። ቀጥሎ ነዳጅ ታንኩ ላይ የተሰካችውን ቀጭን ሽቦ ይንቀሉና ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ጫፏን ከታንኩ ራቅ አድርገው ብረት ያስነኳት። የነዳጁ መርፌ ወደ አንዱ ዳር ሄዶ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሽቦውም ጌጁም ጤነኛ ናቸው። አጠገብዎ ሲጋራ እንዳይኖር፤ ጋሽ አስገዶም የሚያጨሱ ከሆነ አጥፍተው ይምጡ። ያዩትን ይጻፉልኝ እንጂ ያሰቡትን አይጻፉልኝ።

ረይሀና ደብዳቤ ስታመጣ ጋራዡ ድረስ እንዳትመጣ ይንገሩልኝ። መስጊዱ በር ላይ ያለው ባለሱቅ ይቀበላታል። ኮምቦልቻ ስትደርስም ለእናቴ ደህና መሆኔን ትንገርልኝ። አረፋን አላህ ያውቃል።

ልጅዎ ቡሽራ


አራዳ
የካቲት 16 ቀን 2017

ለልጄ ለቡሽራ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳን ሳይገባ ይድረስህ፤ ጾሙን ያግራልህ፣ ጥላ አይንፈግህ። እኔ እንዳለሁ ነኝ። ድሮ ድልድዩ ብቻ ነበር የሚታየኝ፣ አሁን ማዶውም ይታየኛል።

ያልከውን አደረግን። ባትሪውም ታንኩም ፊት ስለሆኑ አስገዶም ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ያዘ፣ እኔ ደብዳቤህን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ኮፈኑ ሥር ቆምኩ። የሲጋራውን ነገር ሳነብለት «ጅቡቲ ተቀምጦ ሲጋራዬን የሚያስጠፋ ማን ነው?» አለ፤ ግን ደጅ ወጥቶ አጥፍቶ መጣ። ወፍራሙ ገመድ አልላላም፤ ነቀነቅሁት፣ እኔው ተነቀነቅሁ። የታንኩን ሽቦ ነቅዬ ብረት ሳስነካት አስገዶም ከውስጥ «ሄደች! ሄደች! ቆመች!» እያለ እንደ ኳስ ተጫዋች ጮኸ። መርፌዋ ዳር ላይ ሄዳ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። ሽቦውን መልሰን መብራት ሲያበራ ግን እንደ ድሮው ሁለቱም ዘለሉ። ፍሬን ሲረግጥም ይርገበገባሉ። ያየሁት ይህ ነው፤ ያሰብኩትን አልጻፍኩም።

በዚህ መሀል ካሊድ ሙዝ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ኮፈኑ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«የአባትህን መኪና እያነበብኩ ነው።»

«እሷ እኮ ሞታለች።»

«እኔንም እንዲሁ ብለህ ነው ፎቅ ላይ የምታወጣኝ?»

አስገዶም የሚያየው ነገር ያጣ ይመስል የፊት መስታወቱን መወልወል ጀመረ። ካሊድ «ለርስዎ ብዬ ነው፣ ማን ይጠብቅዎታል?» አለና ሙዙን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ ሰው በር ሲዘጋብህ ትጮሃለህ። ሙዝ ይዞ መጥቶ የሚዘጋብህን ምን ትለዋለህ?

ረይሀና ባለሱቁን ስላንተ ጠይቃው ነበር። «ለጁምዓ ካየሁት ቆየሁ» አላት። ታመህ ነው? ለአረፋ ትመጣለህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ አላህ ያውቃል አልከኝ። አላህ ማወቁንማ እኔም አውቃለሁ፤ የጠየቅሁት አንተን ነው።

አክስትህ ዐፊፋ


ጅቡቲ
መጋቢት 26 ቀን 2017

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዐፊፋ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። ጾሙን ይቀበልልን። በመዘግየቴና በዘይት ማጣሪያ ካርቶን ላይ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ፤ ወረቀት አጣሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ አልታመምኩም።

ሥራውን እዚህ ካሉት ሰዎች ማንም ከርስዎ አሻሽሎ አይሠራውም። ሽቦውና ጌጁ ጤነኛ መሆናቸውን አወቅን። እንግዲህ የቀረው መመለሻው ነው። አሁን እንዲህ ያድርጉ፤ ረጅም ሽቦ ፈልገው አንዱን ጫፍ ወፍራሙ ገመድ ብረቱ ላይ በታሰረበት ይሰሩት፣ ሌላውን ጫፍ ከዳሽቦርዱ ኋላ እጅዎን ሰደው የጌጆቹን ብረት ቤት ያስነኩት። ያኔ መብራት ይብራ። መርፌዎቹ ካልዘለሉ የተዘጋው ጌጆቹ ከዳሽቦርዱ ብረት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይንገሩኝ። መኪና ዝም ብላ አታብድም፤ ከማበዷ በፊት ማን ነካት? ዳሽቦርዱን የፈታ ሰው አለ?

እናቴ ከጠየቀች ለአረፋ ዶሮም በግም በኔ ስም እንዳታስብ ትንገርልኝ።

ልጅዎ ቡሽራ


አራዳ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017

ለቡሽራ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ካርቶንህ ደርሶኛል፤ ዘይቱ ፊደሉን በልቶት በመስኮት ብርሃን ነው ያነበብኩት።

ሽቦውን እንዳልከው ዘረጋን። እኔ ከዳሽቦርዱ ሥር ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ፤ የአስገዶም ሆድ አያስገባም። ጫፉን የጌጆቹ ብረት ላይ ስጫነው አስገዶም መብራት አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ። መርፌዎቹ እንደተቆጡት ልጅ ቀጥ ብለው ቀሩ። እጄን ሳነሳ ዘለሉ። እጄን ስመልስ ቆሙ። አስገዶም «በቃ፣ እርስዎን እዚያው ተኝተው ይዘንዎት ምርመራ እንሂዳ» አለ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ጠይቀህ ጠይቀህ እኔ ላይ ደረስክ አይደል? ዳሽቦርዱን የነካ ከኔ በቀር ማንም የለም። በየዓመቱ ለአረፋ የግቢውን በር በዘይት ቀለም እቀባለሁ። ጋሽ የሲን ካለፈ ወዲህ ከበሩ የተረፈውን ቀለም ለመኪናዋ ዳሽቦርድ ነው የማደርገው፤ መኪናም የቤት ሰው ነው፣ በዓል ይገባዋል። አምና ለአረፋማ ጌጆቹን በካቻቢቴ ነቅዬ ቀዳዳውን ከፊትም ከኋላም፣ ቡሎኖቹን ሳይቀር ቀባሁ። ዝገት እንዳይገባባት። መርፌዎቹ ማበድ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ መሆኑን አሁን ስቆጥረው አየሁ። ግን ቀለም ከኤሌክትሪክ ምን አገናኘው? ሰው ሁሉ ከሰፈሩ ሲወጣ ላቆያት የለፋሁትን ልፋት ብልሽት ነው ልትለኝ ከሆነ ዙሪያውን አትሂድ፤ ቀጥ ብለህ በለኝ።

ካሊድ ቀን ቆርጧል። አረፋ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፤ ጠዋት አይሱዙ ለዕቃዬ፣ ከሰዓት ብረታ ብረት ገዥው ለመኪናዋ። ሰውየው ትናንት መጥቶ በእጁ ጣሪያዋን መታ መታ አደረጋት፤ ሐብሐብ የሚገዛ ይመስላል። ፍጠንልኝ።

ዐፊፋ


ጅቡቲ
ግንቦት 4 ቀን 2017

ለአክስቴ፤

ሰላም ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ጥፋት አይበሉት። ቀለም እንደ ላስቲክ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጌጆቹ ብረት የሚነኩት በነዚያ ቡሎኖች ብቻ ነው፤ እርስዎ በአረፋ በአረፋ ዙሪያቸውን እየደረቡ ቆይተው አምና ፈጽመው ከደኗቸው። ቡሎን የሚያርፍበትን ዙሪያ፣ የቡሎኑንም ራስና ጥርስ፣ አዲስ ማንኪያ እስኪመስል ድረስ ይፋቁት። ሲጨርሱ ግሪስ ቀባ አድርገው አጥብቀው ይሰሩት። ሌላውን ቀለም ግን አይንኩት፤ ስለ ዝገቱ ልክ ነበሩ።

አዳነች ያሏቸው ሰው ግቢ፣ መኪናዋ የምትቆምበት አጠገብ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሽቦ የሚጠግንበት ጥላ አለ ወይ? እንዲያው ነው የጠየቅሁት።

ቡሽራ


ስድስት ኪሎ
ሰኔ 6 ቀን 2017

ለልጄ ለቡሽራ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። የዒዱን ምርቃት ከዘገየም ተቀበለኝ፤ አላህ ከያዘህ ነገር ሁሉ ያውጣህ። ከላይ የጻፍኩትን አድራሻ አይተሃል።

በወጥ ቤት ቢላዋ ፋቅሁት። የአምናው አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡኒ፣ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ፣ ከዚያ የታክሲው ሰማያዊ። ሰማያዊው ጋሽ የሲን የነካው ነው፤ እሱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አስገዶም አየኝና «እትዬ ዐፊፋ፣ መርማሪው የሚጠይቀን ስለ ሐዘን ነው ወይስ ስለ መርፌ?» አለ። ፋቅሁት። ብረቱ ወጣ።

መርማሪው መብራት አስበራ፣ ፍሬን አስረገጠ፣ ተጠራጥሮ ራሱ ገብቶ ሞከረው። ምንም የለም። «ማን ሠራው?» ሲል አስገዶም «ጅቡቲ ያለ ሐኪም በደብዳቤ አከማት» አለው። ቦሎው ተለጠፈ። የነዳጁ መርፌ ግን እውነት መናገር ከጀመረ ወዲህ ከባዶው አጠገብ አልነሳ አለ።

ቀኑ ደረሰ። ካሊድ ከአይሱዙና ከወዛደር ጋር መጣ። አልጋዬን፣ ሳጥኔን፣ ድስቴን ሳይቀር ጫኑ። «እትዬ፣ ጋቢና ይግቡ» አለኝ።

«እኔ በሴይቼንቶዋ ከኋላ እመጣለሁ።»

«እሷን ከሰዓት ሰውየው ይወስዳታል እኮ።»

«ይውሰዳታ። እስከዚያ ትሸኘኝ። አንተ ቅደም።»

ቀደመ። አይሱዙው ወደ ምኒልክ አደባባይ ሽቅብ ሲወጣ እኛ ተጠምዝዘን ድልድዩን ተሻገርንና የስድስት ኪሎን ዳገት ያዝን። አስገዶም ዓይኑን ከመርፌው ላይ አላነሳም። «ዳገቱን ካልጨረሰችው ገፊዎቹ እኔና እርስዎ ነን፤ እኔ በዚህ ሆዴ፣ እርስዎ በዚያ ጉልበትዎ» ይላል። እኔ ወደ ኋላ አላየሁም። ጨረሰችው። አዳነች ግቢ ገብተን አስገዶም ሊያጠፋት ሲል ራሷ ጠፋች።

አልጋዬ አራተኛ ፎቅ ወጥቷል፤ እኔ መሬት ላይ ነኝ።

ካሊድ አመሻሽ ላይ ጠያይቆ አግኝቶን መጣ። መኪናዋ አጠገብ ቆሞ አዲሱን ቦሎ አነበበ። «ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። «ወንበሩን ያሳየኸኝ ቀን ነግሬህ ነበር። ይለመዳል አልከኝ።» ከኪሱ ስልኬን አውጥቶ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠልኝ። ለብረታ ብረት ገዥው ምን እንዳለው አላውቅም፤ አልጋውን ግን እስካሁን አላመጣውም። ክፍሏ ጠባብ ናት። የአዳነች ልጆችም ከአሁኑ ሙሽራው መቼ ነው እያሉ ያዩኛል። ቢሆንም በሩን ስከፍት እግሬ የሚያርፈው መሬት ላይ ነው።

ስልኬ እንደተመለሰ የደወልኩት ላንተ ነው። ዝግ ነው። ከዚያ ደብዳቤዎችህን አወጣሁና በየተራ አነበብኳቸው። አንድ በአንድ ሲታዩ ለሁሉም ምክንያት አይጠፋም። ለአረፋ አልመጣህም፤ ሥራ ይበዛል። ለጁምዓ አትታይም፤ ሙቀት ነው። ረይሀና ጋራዥ አትምጣ አልክ፤ ባለቤቱ ቁጡ ነው። በካርቶን ጻፍክ፤ ወረቀት አልቋል። ስልክህ ዝግ ነው፤ ተበላሽቷል። ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያብዱ ብልሽቱ አንድ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።

ፓስፖርትህ በማን እጅ ነው? የጋራዡ ባለቤት «ልያዝልህ» ብሎ ነው የወሰደው? እኔ ስልኬንም ቤቴንም እንዲሁ የተያዘብኝ ሴት ነኝ፤ ቃሉን አውቀዋለሁ። የሰውየውን ስምና መቼ እንደወሰደብህ ጻፍልኝ፣ ረይሀና እዚያ ላሉት ያገራችን ሽማግሌዎች በእጇ ትሰጣቸዋለች። ያየኸውን ጻፍ እንጂ ያሰብከውን አትጻፍ።

ጥላ አለ ወይ ብለኸኛል። አልነበረም። አስገዶም ከመኪናዋ አጠገብ ቆርቆሮ መትቶልሃል፤ ሥሩ ወንበር አለ፣ ከመሬት ከፍ ያላለ።

መልስህን ግን «እኔ ደህና ነኝ» ብለህ አትጀምርልኝ።

አክስትህ ዐፊፋ